ለድርቆሽና ለሰንጋ፦ ፎር ዊል ወይስ ተራ ትራክተር?

ድሬዳዋ ዙሪያ ከብት የሚያደልቡ ወዳጆቼ ደጋግመው ይህን ይጠይቁኛል። ሁለቱም 75 የፈረስ ጉልበት ናቸው እንበል።

ዋጋ፦ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ተራው ይረክሳል፤ ጥገናውም ቀላል ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ፎር ዊሉ ውድ ነው። የፊት ዲፈረንሻሉም የራሱን ዘይትና ክትትል ይፈልጋል።

ማጨድና ማሰር፦ ብዙ ልዩነት የለም። አብዛኛው የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን የሚፈልገው በደቂቃ 540 ዙር የሚሽከረከር ፒቲኦ (ከትራክተሩ ኋላ ለማሽኑ ኃይል የሚሰጥ ዘንግ) ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለቱም ላይ አለ።

ጭነት፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ከፊት ሎደር (ጭነት ማንሻ ክንድ) ገጥማችሁ 250 ኪሎ ክብ የድርቆሽ ጥቅል ስታነሱ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። ተራው አሸዋ ላይ ከሆነ ያኔ ባለበት ይሽከረከራል። አንዴ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ጎማው እስከ መሃሉ ተቀበረ። ጥቅሉን አውርደን፣ በአካፋ ቆፍረን፣ ድንጋይ ጎዝጉዘን ነው ያወጣነው። ከኋላ ክብደት ማሰር ይረዳል፣ ፎር ዊልን ግን አይተካም።

አስፋልት፦ በሐረር መንገድ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ፎር ዊሉን አታስገቡ፣ ጎማ ይበላል።

መሬታችሁ ደልዳላ፣ ድርቆሹም በእጅ የሚነሳ ትንሽ እስር ከሆነ ተራው ይበቃችኋል። የተረፈውን ብር ለማሰሪያው አውሉት። አሸዋ፣ ዳገትና ክብ ጥቅል ካለባችሁ ግን ፎር ዊሉን ግዙ። የትኛውንም ብትመርጡ መለዋወጫው ድሬ ገበያ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።