ስምንት ወር ከኤላ እና ከቤሲ ጋር

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሰማሁት ይህንን አልበም አልነበረም።

ጥቅምት ላይ እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ አመጣችልኝ፤ አብሮትም ጠርዙ የተላጠ አንድ ሸክላ፦ «ኤላ ኤንድ ቤሲ!»፤ የጃዝ ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጀራልድ ከፒያኒስቱ ካውንት ቤሲ ባንድ ጋር የሠራችው አልበም። ማጫወቻው የአሜሪካ ስለሆነ ወደ 110 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሰካሁት። ኤላ መዝፈን ጀመረች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ አዘፋፈኗም ዳገት ወጥታ የመጣች ይመስላል። ወደድኩት እንጂ አልጠረጠርኩም። አንድ ቀን ያንኑ ዘፈን በስልኬ ብሰማው ሌላ ሴት ሆና አገኘኋት፤ ቀለል ያለች፣ ፈጣን፣ ልትስቅ ምንም ያልቀራት።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ አይነካም። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ዑደት፣ የእኛ 50 ነው፤ የእኔ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ዑደት ነው። ስለዚህ ሸክላው ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ጎድሎት ይዞር ነበር። ዘፈኑ ዘገምተኛ ብቻ ሳይሆን ቅኝቱም ወርዶ ነበር ማለት ነው። ቶርኖ ቤት ሄጄ፣ ሞተሩ ላይ ቀበቶውን የምታዞረውን ትንሿን ክብ ብረት በአንድ አምስተኛ ሰፋ አድርጌ አሠራኋት። ባለሙያው ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «አንዲት ዘፋኝ እንድትፈጥን ነው» አልኩት። አየት አድርጎኝ ሥራውን ቀጠለ።

እናም ግምገማዬ የሚጀምረው ከኅዳር አጋማሽ ነው።

አልበሙ ኒው ዮርክ ውስጥ በሐምሌ 1963 እ.ኤ.አ. ተቀርጾ በቨርቭ ሙዚቃ አሳታሚ የወጣ ነው። ኤላ ያኔ 46 ዓመቷ ነበር፤ አቀናባሪው ኩዊንሲ ጆንስ ደግሞ ገና 30። አሥራ ሁለት ዘፈኖች አሉት። አብዛኞቹ የታወቁ፣ በዘመኑ እንኳን ብዙ ሰው ደጋግሞ የዘፈናቸው ናቸው። ሁለቱ ገጽ ተደምሮ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ለአንድ እራት አይበቃም፤ መሐል ላይ እጅ ታጥቦ ተነሥቶ መገልበጥ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የያዘኝ እንደማንኛውም ሰው ጩኸቱ ነው። መክፈቻው «ሃኒሳክል ሮዝ» ላይ ኤላ ግጥሙን ትጨርስና ቃል በሌለው ድምፅ መጫወት ትጀምራለች። ትራምፔቶቹና ትሮምቦኖቹ ይመልሱላታል፤ እሷም እንደገና ትመልሳለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንን እከፍት ነበር። ጥር ሲገባ ሰለቸኝ። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የሚያስገርም ነገር ዕጣው ይኸው ነው፤ አንዴ ካስገረመ በኋላ የሚሠራው ሥራ የለውም።

ጆሮዬን ወደ ሌላ ቦታ ያዞሩልኝ አባቴ ናቸው። በወጣትነታቸው የክቡር ዘበኛን ኦርኬስትራ በሬዲዮ እየሰሙ ያደጉ፣ ጥላሁን ገሠሠ ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ ፊት ቆሞ ሲዘፍን የነበረውን ዘመን እንደራሳቸው ርስት የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ቡናቸውን ይዘው ዝም ብለው ሰሙ፤ ሰሙና፦

«አንተ ልጅ፣ ከኋላ ክራር የሚመታ ሰው አለ እንዴ?»

«ክራር እንኳን የለም አባባ።»

«አለ እንጂ! ዝም ብለህ ስማ።»

ዝም ብዬ ሰማሁ። አለ! ፍሬዲ ግሪን ነው። ያለ ማጉያ በሚመታ ጊታር በእያንዳንዱ ምት ላይ አንድ ጊዜ፣ አራት ቢሆን አራት ጊዜ፣ ክርክር ሳያነሣ ይመታል። ቤሲ ባንድ ውስጥ በ1937 እ.ኤ.አ. ገብቶ እስኪሞት ድረስ ለሃምሳ ዓመት ያህል የሠራው ይህንን ነው፤ ብቻውን ጎልቶ መጫወት ከሞላ ጎደል አያውቅም። ዜማ ሆኖ አይሰማም፤ ከቤዙና ከከበሮው ጋር ተጣብቆ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ካላወቁት የለም፣ ካወቁት በኋላ ደግሞ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ የተደገፈ ይሆናል። ኤላ ከምቱ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ቃሉን የምታሳርፈው፣ አንዳንዴም ቀድማ የምትገባው እሱ ስለማይነቃነቅ ይመስለኛል። ከዚያ እሑድ ወዲህ አልበሙን የምሰማው ከታች ወደ ላይ ነው።

በዚህ አሰማም የተነሡልኝ ዘፈኖች ዝግተኞቹ ናቸው። «ድሪም ኤ ሊትል ድሪም ኦቭ ሚ» ላይ ቤሲ ፒያኖውን ትቶ ኦርጋን ይጫወታል። ኦርጋን የተማረው በወጣትነቱ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ከሙዚቀኛው ፋትስ ዋለር እግር ሥር ተቀምጦ ነው፤ መክፈቻው «ሃኒሳክል ሮዝ»ም የዋለር ድርሰት ነው። በዚህ ዘፈን ባንዱ አይጮኽባትም፤ ኤላም ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አላስፈለጋትም። ሌሊት ላይ፣ ጎረቤት ሳይቀሰቅሱ፣ የሚሰማ ነው።

«ኢንቱ ኢች ላይፍ ሰም ሬይን መስት ፎል» ደግሞ የራሷ የቆየ ሥራ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. ኢንክ ስፖትስ ከተባለው የዘፋኞች ቡድን ጋር ዘፍናው ተወዶላት ነበር። የያኔውንም ፈልጌ ሰማሁት። ያኔ ሐዘኑን ታምነዋለች፤ እዚህ ግን እያወቀች በፈገግታ ታልፈዋለች። የትኛው ይሻላል ብባል ቀኑን አይቼ እመልሳለሁ።

ቅሬታ አለኝ። ኩዊንሲ ጆንስ ጎበዝ መሆኑን እንዲታወቅለት ይፈልጋል። አንዳንዱ ዘፈን ተፈጽሞ ሲያበቃ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ተነሥተው በሩን በኃይል ይዘጉታል፤ የተጠናቀቀ ጨዋታ ላይ ቀልድ እንደሚጨምር ሰው። ዘፈኖቹም ቢሆኑ አስተማማኞች ናቸው፤ የሚያጋልጣት፣ የሚያስቸግራት አንድም የለም። ልዩ የምለው «ሻይኒ ስቶኪንግስ»ን ነው። የባንዱ ሳክስፎኒስት ፍራንክ ፎስተር ያለ ግጥም የደረሰው ሲሆን ግጥሙን የጻፈችለት ኤላ ራሷ ናት። በሁለተኛው ገጽ ላይ እየተንሸራተተ ሲመጣ ከሁሉም የሚበልጥ ሆኖ ይሰማኛል።

እዚያው ገጽ ላይ የሌላው የጃዝ ባንድ መሪ የዱክ ኤሊንግተን ዜማም አለ፤ «ሳቲን ዶል» መክፈቻው ነው። ኤሊንግተን በ1973 እ.ኤ.አ. ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፣ ከንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ተቀብሏል። አባቴ ያን ጊዜ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ነበሩ። አላዩትም። ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ይህንን ይነግሩኛል፤ ሰምቼዋለሁ ብል አይሰሙኝም።

አሁን ወደ ዕቃው። ሸክላው ከመምጣቱ በፊት አንድ ጭረት ነበረበት፤ የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ፣ «ቲ ፎር ቱ» ላይ። ሸክላው አንዴ ለመዞር 1.8 ሰከንድ ስለሚፈጅበት ጭረቱም በየ1.8 ሰከንዱ «ጠቅ» ይላል፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ሃያ ጊዜ። ከዘፈኑ ምት ጋር አይገጥምም። መጀመሪያ ከምቱ ኋላ ይመጣል፣ ቀስ እያለ ይጠጋል፣ አንዴ ከከበሮው ጋር ልክ ይገናኛል፣ ከዚያ አልፎት ይሄዳል። ያቺን አንድ መገናኛ እየጠበቅሁ ዘፈኑን ሳልሰማው የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው። ስልክ ላይ ያለው ቅጂ ንጹሕ ስለሆነ ይህንን ዘፈን እዚያ እሰማዋለሁ።

የበጋው አቧራ ዋናው ጠላት ነው። ሁለት ሳምንት ሳላጸዳ ብቆይ መርፌው ጫፍ ላይ ግራጫ ጥጥ ይበቅላል፤ ድምፁም አፉን በጋቢ የሸፈነ ሰው ድምፅ ይሆናል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ከመክፈቴ በፊት ሁልጊዜ። ሸክላውን ሳላቆም አጋድሜ አስቀምጬው ስለነበር በየካቲት ትንሽ ተጣምሞ አገኘሁት። ይጫወታል፤ መርፌው ግን እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ይላል።

ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ አልበም ቆይቶ «ኦን ዘ ሰኒ ሳይድ ኦቭ ዘ ስትሪት» በሚል ስም፣ ሽፋኑ ጥቂት ተለውጦ እንደገና ወጥቷል። እኔ ሌላ ቀረጻ መስሎኝ ለእህቴ ገንዘብ ልኬ ነበር። የዘፈኖቹን ዝርዝር ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ አሥራ ሁለቱም ያው ናቸው። «ልመልሰው?» አለችኝ። «ቲ ፎር ቱ» ላይ ጭረት እንደሌለው በመብራት አጋድላ እንድታይልኝ ጠየቅኋት።