«ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት ወይስ በሸክላ?

የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» የተሰኘ አልበም በካሴት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የዘፋኙን ቦታ የያዘው ኦርጋኑ ነው፤ የዘመኑን ታዋቂ ዜማዎች እያንሸራሸረ ያዜማቸዋል፣ ቤዙና ድራሙ ደግሞ ከሥር ሳይቸኩሉ ይነዱታል። ግጥሙን የሚያውቅ ሰው አብሮ ሳያንጎራጉር አይቀርም። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶም የሚፈለገው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ በሸክላ፣ በሲዲና በካሴት ዳግም አውጥቶታል። የትኛው እንደሚሻል በዋናነት የሚወስኑት ቤትዎ ያለው ማጫወቻና የሚኖሩበት ከተማ ሙቀት ናቸው።

የድሮውን ካሴት «ኦሪጅናል ነው» ቢሉዎትም ሳይሰሙ አይግዙ። ከካሴት ወደ ካሴት የተቀዳ ኮፒ በተቀዳ ቁጥር «ሽሽ» የሚለው ድምፅ ይጨምራል፣ የሲምባሉ ጥራት ይጠፋል። ከክሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ ይዩ፤ ወድቃ ከሆነ ክሩ ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) በደንብ ስለማይነካ ድምፁ ይታፈናል። ካሴቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ከሌላ ካሴት አውጥቶ መተካት ቀላል ነው፤ በማጣበቂያ የተዘጋውን ግን ሳይሰብሩ መክፈት ይከብዳል። ለዓመታት ያልተጫወተ ካሴት ከሆነ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ ያጠንጥኑት፤ ተጣብቆ የቆየው ክር ይላቀቃል። ቴፑ ክር የሚበላው ብዙውን ጊዜ ክሩን የሚስበው ጎማ ስለቆሸሸ ወይም ቤልቱ ስለላላ ነው። ሄዱን አልኮል በነካ ጥጥ፣ ጎማውን በትንሽ የሳሙና ውሃ ያጽዱ። ድምፁ የሚወላገድ ከሆነ ቤልቱን ያስቀይሩ።

አዲሱ ካሴት ከዚህ ጣጣ አብዛኛውን ያስቀራል። ደህና ቴፕ ላለው ሰው የእኛ ምርጫ እሱ ነው።

ሸክላው ቤዙን ይበልጥ አጥርቶ ያሰማል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አንድ ከሰዓት ከተረሳ ይጣመማል፣ የተጣመመውን ደግሞ እንደነበረ መመለስ ይቸግራል። ከመስኮት ርቆ፣ ሳይደራረብ ቀጥ ብሎ ይቁም። አቧራውን በየጊዜው ካልጠረጉለት መርፌው ያንኑ አቧራ እየፈጨ መስመሩን ይጎዳል። ሐረር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች አየሩ ቀለል ይላል፤ እዚያ ላለ ሰው ሸክላን ያለ ስጋት እንመክራለን።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከማጫወቻው ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው አሮጌ ማጫወቻ ለ110 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ አይነካም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከኸርዙ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ ሸክላው በደቂቃ በ33 ከሲሶ ዙር ፋንታ 28 ገደማ ብቻ ይዞራል፤ ኦርጋኑ ወርዶ፣ ጨዋታው ተጎትቶ ይሰማል። ለ50 ኸርዝ የሚሆን ፑሊ (ሞተሩ ላይ የሚገጠም ትንሽ መዘውር) ከተገኘለት ይድናል። በአዳፕተር የሚሠሩት አብዛኞቹ ይህ ችግር የለባቸውም።

ሲዲው ሙቀትን ከሸክላው የተሻለ ይችላል፣ መኪና ውስጥም ይጫወታል። ከሰው ፍላሽ የተገለበጠ ፋይል ግን ከየትኛው ካሴት እንደተቀዳ ስለማይታወቅ አንመክርም።

ያገለገለ ማጫወቻ ሲገዙ ሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ያስቀምጡና ዙሩን ይቁጠሩ። በ3 ደቂቃ 100 ዙር መሙላት አለበት፤ 83 አካባቢ ከቆመ ፑሊውን ሳያገኙ ገንዘብ አይክፈሉ።