«ለምን?» የሚል ልጅ ላላችሁ

የልጄን የሳይንስ አስጠኚ በአደባባይ ላመሰግን ካሰብኩ ቆየሁ። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ፣ እሷ እንደምትጠራቸው «ቲቸር» እላቸዋለሁ።

የያዝናቸው ለፈተና ነበር። ልጅቷ ግን ጥያቄዋ ከመጽሐፉ ውጪ ነው። ሌላ አስጠኚ ቢሆን «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» ብሎ ያልፋታል። እሳቸው አንዱንም አያልፉም።

አንድ ቀን «ትሪው ከመክተፊያው ለምን ይቀዘቅዛል?» አለቻቸው። መልሱን አልነገሯትም። የአሉሚኒየሙን ትሪና የእንጨቱን መክተፊያ ጎን ለጎን አስቀመጡና በሁለቱም ላይ እኩል የበረዶ ቁራጭ አደረጉ። «የቱ ቀድሞ ይቀልጣል?»

«የመክተፊያው ነዋ! ትሪው እኮ ቀዝቃዛ ነው!»

የትሪው በረዶ ዓይኗ እያየ ውሃ ሆነ። የመክተፊያው ገና እንዳለ ነው። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች።

ማብራሪያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም የዋሉት አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ሙቀታቸው እኩል ነው። አሉሚኒየም ግን ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል። ከእጃችን ላይ ቶሎ ስለሚወስድ ቀዝቃዛ ይመስለናል፤ ለበረዶውም ቶሎ ስለሚያቀብለው ያቀልጠዋል። እንጨት በሁለቱም በኩል ዳተኛ ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ «ነጎድጓዱ ከብልጭታው ለምን ዘግይቶ ይሰማል?» አለቻቸው። የዚህ መልስ አጭር ነበር። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ 340 ሜትር ገደማ ብቻ። ብልጭታው ከታየ ጀምሮ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንዱን ቆጥሮ ለ3 ማካፈል ነው፤ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይገኛል። አሁን መብረቅ በበረቀ ቁጥር ቤቱን ሙሉ ጸጥ ታሰኘናለች። ቆጠራ ላይ ናታ!

ከሁሉ የወደድኩላቸው ግን ያላወቁትን አውቃለሁ አለማለታቸው ነው። «ይሄን አጣርቼ ልምጣ» ይላሉ፤ ይዘውም ይመጣሉ። ስልክ በወፍራም ጓንት ሲነካ ለምን እምቢ እንደሚል ያስረዷት እንደዚያ ነው። ስክሪኑ የሚያነበው የጣታችንን ግፊት ሳይሆን፣ ጣታችን ሲጠጋ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ወፍራም ጨርቅ መሃል ሲገባ ለውጡ በጣም ይደክማል።

እንከን አውጪ ካላችሁኝ፣ ጥናቱ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ጥያቄ ከተነሳ ሰዓት ብሎ ነገር የለም። ልጃችን መልስ ሸምድዶ ፈተና ይለፍልን የምትሉም ሌላ ሰው ብትፈልጉ ይሻላል። መጠየቅ የማይሰለቸው ልጅ ላላችሁ ግን ከእሳቸው የተሻለ አላየሁም። ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ቲቸር፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። ለቅዳሜ «ሳሙና ለምን ያዳልጣል?» የሚል እየጠበቀዎት ነው።