ቅዳሜና እሁድ በአምስተርዳም፦ ለሁለት ሰው የሚያዋጣውና የማያዋጣው

አምስተርዳምን በፀደይ ለመጎብኘት ያሰቡ ባልና ሚስት ከሆቴሉም ከሙዚየሙም በፊት ጀልባቸውን ቢመርጡ ይሻላል ባይ ነኝ። አሮጌውን የከተማዋን እምብርት በግማሽ ክብ ከበው የሚሄዱት ሄረንግራኽት፣ ካይዘርስግራኽትና ፕሪንሰንግራኽት የተባሉት ቦዮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲቆፈሩ፣ ነጋዴው ዕቃውን በውኃ አምጥቶ ደጃፉ ላይ እንዲያራግፍ ጭምር ታስቦ ስለነበር፣ የቤቶቹ ፊት ዛሬም ወደ ውኃው የዞረ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ የቦዮች ቀለበት ነው። እኔና ባለቤቴ በትልቁም በትንሹም ጀልባ ስለተሳፈርን ይህ ግምገማ በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው፤ ማረፊያውን፣ የአበባ መናፈሻውንና ምግቡን እግረ መንገዴን አነሣለሁ።

ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተደርድረው ጎብኚ የሚጠብቁት ጀልባዎች ረጃጅም፣ ጣሪያቸው በመስታወት የተሸፈነና ብዙ ሰው የሚይዙ ናቸው። የአንድ ሰዓት ጉዟቸው ዋጋ ከሌሎቹ ቀለል ይላል፤ ዝናብ ቢጥልም (በሆላንድ ፀደይ ደግሞ ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል) ሰው ሳይረጥብ ይጎበኛል። የተሳፈርንበት ጀልባ ድርጅት ስሙ ይቆየን፤ አገልግሎቱ ግን አላረካንም። መስታወቱ ከተሳፋሪው ትንፋሽ የተነሣ ጉም ለብሶ ነበር፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው የተቀዳ ገለጻም ከጀልባው አካሄድ ጋር ስላልተጣጣመ፣ የአንዱን ቤት ታሪክ መተረክ ሲጀምር እኛ ቤቱን አልፈን ከሚቀጥለው ድልድይ ሥር ገብተናል። መሐል ወንበር የደረሰው ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚያየው የጎረቤቱን ትከሻ ነው። ትንንሽ ልጆች ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ አይከፋም፤ ለጥንዶች ግን አልመክረውም።

ትንሿ ጀልባ ጣሪያ የላትም፤ በኤሌክትሪክ ሞተር ስለምትሄድ ድምፅ አታሰማም፤ የኛዋ ከደርዘን የማይበልጥ ሰው የምትይዝ ሆና ለቅዝቃዜው ብርድ ልብስ ታድሎናል። ዋጋዋ ከትልቁ ጥቂት ዩሮ ይበልጣል፤ ብልጫው ግን የሚቆጭ አይደለም። ከዌስተርኬርክ አጠገብ፣ ማለትም ሠዓሊው ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1669 ከተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነሥተን በፕሪንሰንግራኽት ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ የጀልባዋ ነጂ ቀና ብለን የቤቶቹን አናት እንድናይ ነገረን። ከየጣሪያው ሥር ወደ ውጭ የወጣ አጭር ምሰሶ፣ ከጫፉም የብረት መንጠቆ ይታያል። የውስጡ ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ በመሆኑ ቁም ሣጥንና አልጋ ዛሬም በገመድ ተጎትቶ በመስኮት ነው የሚገባው፤ ብዙዎቹ ቤቶች ወደ ፊት ዘንበል ያሉትም የሚጎተተው ዕቃ ግድግዳውን እንዳይመታ ተብሎ ነው። ባለቤቴ ምሕንድስና የተማረ ሰው ስለሆነ ስለ መሠረቱ ጠየቀ። አሮጌው ከተማ የቆመው ለስላሳውን አፈር አልፈው አሸዋው ድረስ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ሲሆን፣ በዳም አደባባይ የሚገኘው ቤተ መንግሥት ብቻ 13,659 ምሰሶዎች አሉት። እንጨቱ ከውኃው በታች እስካለ ድረስ አይበሰብስም፤ ውኃው ጎድሎ አየር ካገኘው ግን ይበላሻል፤ ለዚህም የውኃው ከፍታ በጥንቃቄ ይጠበቃል። ነጂው የቦዮቹ ጥልቀት ወደ ሦስት ሜትር መሆኑን ካስረዳን በኋላ፣ አንዱ ሜትር ጭቃ፣ አንዱ ሜትር ብስክሌት፣ የቀረው ውኃ ነው ብሎ የከተማዋን የቆየ ቀልድ አከለበት።

ሬጉሊርስግራኽት የተባለው ቦይ ከሄረንግራኽት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን አቆማት። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ሰባት ቅስት ድልድዮች አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ይህ ከመንገድ ላይ የማይገኝ ትዕይንት ነው። በትልቁ ጀልባ ስንሄድ በዚሁ ቦታ ሳንቆም አልፈን ነበር። ከዚያ ወደ አምስቴል ወንዝ ወጥተን ማኸረ ብሩኽ የተባለውን ከመሐል ተከፍሎ የሚነሣ የእንጨት ድልድይ አየን። ሲመሽ ድልድዮቹ በአምፖል ስለሚደምቁ፣ ከቻላችሁ የመጨረሻውን የምሽት ጉዞ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ቦታው ቶሎ ይሞላል።

ወቅቱን በተመለከተ እኛ የሄድነው ሚያዝያ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በቦዮቹ ዳር የተተከሉት ኤልም የሚባሉት ዛፎች በዚያ ሰሞን ፍሬያቸውን ያራግፋሉ፤ ፍሬው ቀጭንና ክብ፣ ቀለሙ ፈዛዛ ሆኖ መሐሉ ላይ አንዲት ዘር ይዟል። ነፋስ ሲነሣ ጀልባዋ ላይ ይዘንባል፣ ጭናችን ላይ ይከመራል፣ ውኃውንም ከዳር እስከ ዳር ያለብሰዋል። ስለ ቱሊፕ አበባ ብዙ ሲባል የሰማሁትን ያህል ስለዚህ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የንጉሡ ልደት የሚከበርበት ኤፕሪል 27 ግን ቦዮቹ ብርቱካናማ በለበሱ ጨፋሪዎች ጀልባ ስለሚጨናነቁ፣ ጸጥታ የሚፈልጉ ጥንዶች ያን ቀን ቢያልፉት ይበጃቸዋል።

ማረፊያ ውድ ነው። ከተማዋ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክፍሉ ዋጋ ላይ 12.5 በመቶ የቱሪስት ግብር ትጥላለች፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በሚታየው ዋጋ ውስጥ አይካተትም። በቦይ ዳር ባለ አሮጌ ቤት ማደር የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ሊፍት የሌላቸው ስላሉ ሻንጣ ተሸክሞ ያን ቀጥ ያለ ደረጃ መውጣት እንዳለ አስቡት። እኛ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ውኃውን ተሻግሮ ባለው በኖርድ ሰፈር አረፍን፤ ማሻገሪያው ጀልባ ነፃ ነው፣ ጉዞውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ኮይከንሆፍ የተባለው የአበባ መናፈሻ የሚገኘው አምስተርዳም ውስጥ ሳይሆን ሊሴ በምትባል ከተማ ነው፤ የሚከፈተውም ከማርች አጋማሽ ገደማ እስከ ሜይ አጋማሽ ገደማ ብቻ ነው። በ32 ሄክታር ላይ በየዓመቱ ወደ ሰባት ሚሊዮን የሚጠጉ የአበባ ሥሮች ይተከላሉ። ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን መንገዱና ሰልፉ ተደምሮ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ፎቶ ለመነሣት የሚጋፋው ሰውም ብዙ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ላለው ሰው ግድ አይደለም እላለሁ። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ በከተማዋ አበባ ሻጮች ባልዲ ውስጥ የሚታየው ጽጌረዳ ሁሉ የሆላንድ አይምሰላችሁ፤ ከዝዋይና ከሆለታ እርሻዎች በአውሮፕላን ተጭኖ በአልስሜር የአበባ ጨረታ በኩል የሚሸጥም አለበት።

ጉዟችን በሁዳዴ ላይ ስለዋለ ምግቡ አሳስቦኝ ነበር። የሆላንዶቹ ፓንኬክ እንቁላልና ወተት፣ ስትሮፕቫፍል የሚባለው ብስኩታቸውም ቅቤ አለበት። የድንች ጥብሱ ይጾማል እንዳይባል በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ስላሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያሳረፈን እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ቅኝ ግዛት ከነበረችው ከሱሪናም የመጣው ምግብ ነው። ሥጋና እንቁላል የሌለበትን ሮቲ ስናዝ፣ በቅመም የተሠራ ድንችና ረጅም ፎሶሊያ ከስስ ቂጣ ጋር ቀረበልን፤ ቂጣው እንደ እንጀራ በእጅ እየተቆረሰ ወጡ የሚጠቀለልበት በመሆኑ ሹካ መጠየቅ አላስፈለገንም። በዘይት የሚጠበሰው ባራ የተባለው የጥራጥሬ ቂጣም ጥሩ ነው፤ ከቃሪያ ድልሁ ጋር ሲበላ በተለይ።

ሙዚየም ከታሰበ ለሁለት ቀን አንድ ይበቃል። ምርጫችሁ በፕሪንሰንግራኽት 263 የሚገኘው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ተደብቃ የዕለት ማስታወሻዋን የጻፈችው የአይሁዳዊቷ ልጅ የአን ፍራንክ ቤት ከሆነ ትኬቱ በር ላይ አይሸጥም፤ በየማክሰኞው ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ጊዜ በድረ ገጹ ይለቀቃል፣ ፈጥኖም ያልቃል። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ትኬት ቁረጡ፤ ጀልባውንም ከዚያው ሰዓት ጋር አስተካክላችሁ ያዙ፣ መነሻው ከቤቱ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው።