ለአውሮራው የቬፕ ሱቅ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሁፍ ልጻፈው ወይስ ይቅር እያልኩ ሁለት ሳምንት አሳለፍኩ። ነገሩ፣ ማለትም ለሕመም ማሪዋና መጠቀም፣ በእኛ ሰው መሃል ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። ግን አንድ ልጅ ትልቅ ውለታ ውሎልኛል፤ ዝም ብዬ ባልፈው ህሊናዬ እረፍት አይሰጠኝም።

ልጁ እዚሁ ኮሎራዶ፣ አውሮራ፣ ሃቫና ጎዳና አካባቢ ባለች ትንሽ የቬፕ (እንፋሎት የሚሳብባቸው መሣሪያዎች) ሱቅ ነው የሚሠራው። ሐበሻ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ሳላስፈቅደው አደባባይ ላወጣው አልፈልግም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። 58 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ፒያሳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ 19 ዓመት ታክሲ ነዳሁ፤ ወገቤን የጨረሰው እሱ ነው። ኪኒኑ ጨጓራዬን አቃጠለው። መርፌውም የሚያግዘኝ ለጥቂት ሳምንት ነው። በመጨረሻ ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ የማሪዋና የሕክምና ካርድ አወጣሁ። ኮሎራዶ ውስጥ የሕክምናው በ2000 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በሕዝብ ድምፅ ተፈቅዷል፣ በ2012 ደግሞ 21 ዓመት ለሞላው ሰው ሁሉ ተፈቀደ፣ ሱቆቹ መሸጥ የጀመሩት ጃንዋሪ 1፣ 2014 ነው። ስለዚህ የማወራው ሕጋዊ ስለሆነ ነገር ነው። ቢሆንም ለማንም ሰው አልተናገርኩም ነበር። ለባለቤቴ እንኳን የነገርኳት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ቅጠሉን ማጨስ አልቻልኩም። ያስለኛል፣ ሽታውም አፓርትመንቱን ሞልቶ ጎረቤት ይደርሳል። የማሪዋና ሱቁ ሰዎች ኮንሰንትሬት ሞክር አሉኝ። ከተክሉ ተጨምቆ የሚወጣ፣ ሰም ወይም ማር የሚመስል ነገር ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር) ብዙ ጊዜ 20 በመቶ አካባቢ ሲሆን ይሄኛው ከ60 እስከ 90 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በጣም ትንሽ ነው የሚበቃው። ለማሞቅ ግን መሣሪያ ያስፈልጋል፣ የእኔም መከራ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ ርካሽ ፔን፣ እስክሪብቶ የመሰለ በባትሪ የሚሠራ ማሞቂያ፣ ገዛሁ። ሻጩ ምንም አልጠየቀኝም፣ ምንም አልነገረኝም። ገና በመጀመሪያው ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ጣዕም አፌ ውስጥ ገባ፣ ጉሮሮዬን ላጠው፣ ግማሽ ሰዓት ሳልኩ። በአምስተኛው ቀን ጭራሽ መሥራት አቆመ። ሌላ ሱቅ ስሄድ ደግሞ ያለ ይሄ አይሆንልህም ብለው የ400 ዶላር የጠረጴዛ ዕቃ አወጡልኝ። ተንቀሳቃሽ ነው የምፈልገው ብላቸው የሚሰማኝ አጣሁ። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የታመመ ሰው፣ ያውም በሚያፍርበት ነገር፣ እንዲህ ሲገፋ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

ይህች ሦስተኛዋ ሱቅ ናት። ስገባ ልጁ መልኬን አየና በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝ። ልመለስ ነበር። የእኛ ልጅ አየኝ ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በአክብሮት፣ «ይቀመጡ፣ ምን ልርዳዎት?» ብሎ ወንበር ሰጠኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት።

ዕቃ ከማሳየቱ በፊት ምን እንደጠየቀኝ ታውቃላችሁ? «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የዜግነት ጉዳይ ጨርሰዋል?» አለኝ። ጨርሻለሁ አልኩት። ለምን እንደጠየቀኝ ሲያስረዳኝ ግን አመስግኜ አልጠገብኩም፣ ምክንያቱም ይህን የማያውቅ ስንት ወገን አለ። በስቴቱ ቢፈቀድም በፌደራል ሕግ አሁንም ክልክል ነው። ኢሚግሬሽን በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ፈቅዶ እንኳን ቢሆን፣ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ነገር ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። በዚያው ሰሞን እዚሁ ዴንቨር በሕጋዊ የማሪዋና ድርጅት ተቀጥረው የሠሩ ሁለት ስደተኞች ዜግነት ተከልክለው፣ የያኔው ከንቲባ ማይክል ሃንኮክ ለፌደራሉ ዋና ዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ማመልከቻ ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጠበቃ ሳታናግሩ እንዳትነኩት።

ሁለተኛው ጥያቄው ስለ ሥራዬ ነበር። ትራክ የሚነዱ ከሆነ አልሸጥልዎትም አለኝ። የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የሚመረመረው በፌደራል ሕግ ነው፤ የሕክምና ካርድ አለኝ ማለት አያድንም። ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ደግሞ ውጤቱ በአገር አቀፍ መዝገብ ስለሚገባ ካምፓኒ ቀይሮ ማምለጥ የለም። ስንቱ ወንድማችን እንጀራው ትራክ ላይ መሆኑን ልጁ ስለሚያውቅ ነው የጠየቀኝ። እኔ ለሥራ መንዳት ትቻለሁ። ገንዘብ ይዞ የመጣ ደንበኛን «አልሸጥልዎትም» ለማለት የተዘጋጀ ሻጭ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ዕቃው ገባን። የተበላሸውን ፔን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ፈታው። «ባትሪው ደህና ነው፤ ችግሩ አቶማይዘሩ ነው» አለኝ። አቶማይዘር ማለት ሰሙ የሚቀመጥበትና የሚሞቅበት፣ ከባትሪው ጫፍ የሚገጠመው ክፍል ነው። ጣዕሙንም፣ ሙቀቱንም፣ ዕድሜውንም የሚወስነው እሱ ነው። የእኔው አየር የሚያስገባው ከታች ስለነበር የቀለጠው ሰም በቀዳዳው ወርዶ የባትሪውን ኮንታክት (የኤሌክትሪክ መገናኛውን) ሸፍኖታል። ሬዲዮ ለጠገነ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባል፣ ኮንታክት ከቆሸሸ ምንም አይሠራም። በጆሮ ጥጥና በአልኮል ጠረገው፣ ባትሪው በራ። 25 ዶላር የከፈልኩበትን ዕቃ ልጥለው ነበር።

ሦስት ዓይነት አቶማይዘር መስታወቱ ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው በኳርትዝ ዘንግ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ግን ሰሙ በቀጥታ የጋለ ሽቦ ላይ ስለሚያርፍ በቀላሉ ያርራል። የመጀመሪያው ፔኔ እንደዚህ ነበር። ሁለተኛው ሽቦው በሴራሚክ ውስጥ የተደበቀ ነው፣ ከላይ የሚታየው ነጭ ገበታ ብቻ ነው። እስኪሞቅ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፣ ሙቀቱ ግን ለስላሳ ነው፣ ጣዕሙን አያበላሽም። ባዶውን ብዙ ካጋሉት ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ሦስተኛው ትንሽ ጽዋ የመሰለ፣ ማሞቂያው ከሥሩ የሆነ ነው። ለማጽዳት የሚስተካከለው የለም፤ ነገር ግን የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ያንኑ ያህል ከፍ ይላል። «ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛውን ይያዙ። ሲለምዱት ከፈለጉ ይቀይራሉ» አለኝ። አየር የሚያስገባው ከላይ በኩል የሆነውን መርጦ ሰጠኝ፣ እንደ በፊቱ እንዳይፈስብኝ። 35 ዶላር። አዲስ ባትሪ አልሸጠልኝም፤ የድሮው ይበቃዎታል አለ። የመግጠሚያው ጥርስ 510 የሚባለው፣ እነሱ ፋይቭ ቴን የሚሉት፣ የተለመደው ዓይነት ስለሆነ በቀጥታ ገጠመ። ስትገዙ ይህን መጠየቅ አትርሱ። የራሱ ብቻ ጥርስ ያለው ዕቃ ከገዛችሁ መለዋወጫው ሲጠፋ ሁሉንም መጣላችሁ ነው። አቶማይዘር ደግሞ አላቂ ዕቃ ነው፣ እንደ መኪና ፍሬን ሸራ በየጊዜው ይቀየራል፤ መለዋወጫው ስንት እንደሆነና እንደሚገኝ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አሁን የምነግራችሁ ለእኔ ትልቁ ነው። ልጁ ወረቀት አውጥቶ ኦም፣ ማለትም ማሞቂያው ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ፣ ይዞ አሰላልኝ፤ ደስ አለኝ፣ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ቮልቱን በራሱ አባዝተህ ለኦሙ ስታካፍል ዋቱን፣ ማለትም የማሞቂያውን ጉልበት፣ ታገኛለህ። የገዛሁት አቶማይዘር 1.2 ኦም ነው። ባትሪዬ ሦስት ደረጃ አለው። በ2.8 ቮልት ወደ 6.5 ዋት ይሆናል፣ በ3.2 ወደ 8.5፣ በ3.8 ደግሞ 12 ዋት። የመጀመሪያው ፔን ግን 0.5 ኦም ነበር፤ በ3.2 ቮልት እንኳን ከ20 ዋት በላይ ይጎትታል። ለዚህ ነው ጉሮሮዬን የላጠው! ያ ሁሉ ሳል ይህን አንድ ቁጥር ባለማወቅ የመጣ ነው። ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፣ አይታችሁ ግዙ። በዝቅተኛው ቮልት ጀምሩ፣ ካልበቃ ብቻ አንድ ደረጃ ጨምሩ።

ሙቀት የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2017 የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ኮንሰንትሬት ውስጥ ሽታ የሚሰጡት ተርፒን የሚባሉት ነገሮች በከፍተኛ ሙቀት ሲነድዱ ቤንዚን እና ሜታክሮሊን እንደሚፈጥሩ አሳይተዋል። ቤንዚን ስል የመኪናውን ነዳጅ አይደለም፣ ካንሰር የሚያመጣውን ኬሚካል ነው፤ ሜታክሮሊንም የመተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣ ኬሚካል ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር እነሱም ይጨምራሉ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ጤናማ ነው ብሎ አላታለለኝም። «ሳንባ ንጹሕ አየር ነው የሚፈልገው፣ እኛ ጉዳቱን መቀነስ ነው የምንችለው» ነው ያለኝ።

ሰሙን ከየት እንደምገዛም አስጠንቅቆኛል። በ2019 አሜሪካ ውስጥ በቬፕ ምክንያት ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎች ትዝ ይሏችሁ ይሆናል፤ እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ከ2,800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል ወይም ሞተዋል፣ ሟቾቹ 68 ናቸው። ዋናው ተጠያቂ ከመንገድ ላይ በሚሸጥ የቲኤችሲ ካርትሪጅ (ዘይቱ ተሞልቶ የሚሸጥ ዕቃ) ውስጥ የተቀላቀለው ቫይታሚን ኢ አሴቴት ነበር። ኮሎራዶ ይህን ለሚሳብ ምርት ከ2020 ጀምሮ ከልክላለች። ስለዚህ ፈቃድ ካለው ሱቅ፣ የምርመራ ውጤት ያለውን ብቻ ግዙ፤ ከሌላ ከማንም አትግዙ።

አጠቃቀሙን ቁጭ ብሎ አስተማረኝ። ከግማሽ ምስር ክክ ያነሰች ታክል ሴራሚኩ መሃል ታስቀምጣለህ፤ ዳር ዳሩን አትቀባም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ተጭነህ ታሞቃለህ፣ ቀስ ብለህ ትስባለህ፣ ጉልበት አያስፈልግም። አንዴ ስበህ ሩብ ሰዓት ትጠብቃለህ። ይሄ ከቅጠል ብዙ እጥፍ ይበረታል፤ የሚቸኩል ሰው ልቡ ይመታል፣ ይጨነቃል፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም በቤተሰቡ ያለ ሰው ደግሞ ጭራሽ ባይቀርበው ይሻላል። ገና ሞቅ እንዳለ በጆሮ ጥጥ ትጠርገዋለህ፣ ይሄን ካደረግህ ዕድሜው ይረዝማል። በአልኮል ካጸዳኸው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እንዳታበራው፣ እሳት ነው። የልጅ ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚመጡ የሚቆለፍ ትንሽ ቦርሳም አሳየኝ፤ ያንን ያለማንገራገር ገዛሁ።

ልወጣ ስል «ጋሼ፣ አገር ቤት ሲሄዱ ይህን ፔን እዚሁ ይተዉት፣ ባዶም ቢሆን» አለኝ። የዴንቨር ኤርፖርት ራሱ ማሪዋና ይዞ መግባት አይፈቅድም። ኢትዮጵያ ውስጥ ወንጀል ነው፣ በዱባይ የሚያልፍ ሰው ደግሞ በትንሽ ቅሪት ትልቅ መከራ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እኔ በበኩሌ ይህ ሐሳብ አልመጣልኝም ነበር፣ ሻንጣዬ ውስጥ ልከተው እችል ነበር።

ሦስት ወር ሆነኝ። አቶማይዘሩን እስካሁን አልቀየርኩም፣ ሳሉ ቆሟል። ማታ ማታ በዝቅተኛው ቮልት አንዴ ስቤ እተኛለሁ፣ ከዚያ በኋላ መሪ አልጨብጥም። ወገቤ ድኗል አልላችሁም። ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ መነሳቴ ግን ቀርቷል።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ያን ቀን ያላስከፈልከኝን አንድ ሰዓት አልረሳውም። አባትህን እንደምታናግር አናገርከኝ። እድሜና ጤና ይስጥህ፣ የወለዱህም ይባረኩ።

ሱቋን የምትፈልጉ፣ 21 ዓመት የሞላችሁና ወረቀታችሁ የተስተካከለ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ልጁን ጠይቄ እመልስላችኋለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ግን አትልፉ፣ ትምህርት ስላለው አይገባም። መታወቂያ ያዙ፣ የተበላሸ ዕቃ ካላችሁም ሳትጥሉ ይዛችሁለት ሂዱ።