ለኡቡንቱ ቦታ ማስለቀቅ፦ ዲስክ ማኔጅመንት ወይስ ጂፓርትድ?

ዊንዶውስን ሳያጠፋ ኡቡንቱን (ነፃ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) በጎን ለመጫን የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የሲ ፓርቲሽንን (ዊንዶውስ ያለበትን የዲስክ ክፍል) አሳንሶ ቢያንስ 25 ጊጋባይት ቦታ ማስለቀቅ ይኖርበታል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲስክ ማኔጅመንት ይህን የሚሠራው ሲ ድራይቭ በሥራ ላይ እያለ ነው፤ «ሽሪንክ ቮልዩም» የሚለውን መርጦ የሚቀነሰውን መጠን በሜጋባይት መጻፍ ይበቃል። ሆኖም እንደ ፔጅፋይል (ራም ሲያንስ ዊንዶውስ በዲስክ ላይ የሚጠቀምበት ፋይል) እና የሃይበርኔሽን ፋይል (ኮምፒውተሩ ሲተኛ የራም ይዘት የሚቀመጥበት) ያሉትን ከቦታቸው ማንቀሳቀስ ስለማይችል፣ ከግማሽ በላይ ባዶ በሆነ ዲስክ ላይ እንኳ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ የሚፈቅድበት ጊዜ አለ።

ጂፓርትድ የተባለው ነፃ የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም በአንጻሩ ከፍላሽ ተነሥቶ ዊንዶውስ ሳይከፈት ስለሚሠራ እነዚህን ፋይሎች ያዛውራል። ነገር ግን ፋስት ስታርትአፕ (ዊንዶውስ ሲዘጋ ቶሎ እንዲነሣ ሁኔታውን በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት አሠራር) ካልተዘጋ ፓርቲሽኑን ለማሳነስ እምቢ ይላል፤ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ) የተቆለፈውንም አያሳንስም። ከሁሉም የሚከፋው፣ ፋይል በማዛወር ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ (ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም) ያለው መረጃ ሊበላሽ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ባትሪው ደካማ በሆነ ላፕቶፕ ላይ አልመክረውም።

በእኔ አስተያየት በዲስክ ማኔጅመንት መጀመር ይሻላል፤ የሚፈቅደው ቦታ ካነሰ ሃይበርኔሽንንና ፔጅፋይልን ለጊዜው አጥፍቶ እንደገና መሞከር፣ ይህም ካልሠራ መረጃን በሌላ ዲስክ ገልብጦ ወደ ጂፓርትድ መሄድ ይቻላል። ከጂፓርትድ በኋላ ዊንዶውስ ሲነሣ ዲስኩን መፈተሽ ከጀመረ እስኪጨርስ መታገሥ ያስፈልጋል።