ድሬዎች፣ «ኦሪጅናል ጌም እንጭናለን» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ከሱቁ ወጥቼ ቤት መግባቴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ነገ ደግሞ የሌላ ሰው ብር እንዳይበላ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራም አለ፣ ታይዋን ገበያም አለ፣ ሳቢያንም አለ። ከፊት የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተሰቅሏል፣ ከኋላ በጌም የተሞላ ሃርድ ዲስክ አለ። ላፕቶፕህን ትሰጣለህ፣ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ተጭኖ ይጠብቅሃል። ክራክ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ የተሰረቀ ቅጂ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ባይሰራም ማንም ለጠብ አይነሳም።

እኔ የፈለግኩት አዲስ የወጣ ጌም ነበር። አዲስ ጌም ደግሞ እንደ ድሮው ቶሎ አይሰበርም። ዴኑቮ የሚባለው የኦስትሪያዎቹ መቆለፊያ በፈረንጆቹ 2014 ከመጣ ወዲህ ክራካቸው ለወራት የማይወጣ ብዙ ጌሞች አሉ። ሱቆቹም ይህን አይተው አዲስ ንግድ ጀመሩ፤ «ኦሪጅናሉን እንጭንልሃለን» ይላሉ። የሱቁ ልጅ «1,800 ብር ነው» አለኝ። እዚህ አገር ውጭ የሚከፍል ካርድ ያለው ስንቱ ነው? በሰው በኩል ካልሆነ መግዣ የለንም፤ እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

«የራሴ ነው የሚሆነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ያንተው ነው አቦ፣ ዕድሜ ልክህን ትጫወትበታለህ» አለኝ አፉን ሞልቶ። ብሩን በቴሌብር በግል ስልኩ አስገባሁለት። ስቲም የሚባለውን የጌም መግዣና መክፈቻ ፕሮግራም ከፈተ፣ ፓስወርድ ሲያስገባ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረው፣ ጌሙን አንዴ አስነሳውና ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ኦፍላይን አደረገልኝ። «ኢንተርኔት ላይ ሆነህ እንዳትከፍተው» አለኝ። ለምን ስለው፣ ቫይረስ ይገባብሃል አለ።

ሰርቷል፣ አልዋሽም። ከዚያ አንድ ማታ ዊንዶውስ አፕዴት አደረገና ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሳ ጌሙ አልከፈት አለ። ኢንተርኔት አገናኝና ፈቃድህን አረጋግጥ ይላል፣ ሌላ የለም።

ዛሬ ከሰዓት ያንን ሙቀት ችዬ ሄድኩ። ልጁ ቀና ብሎም አላየኝም። ባንኮኒው ላይ የሌላ ደንበኛ ላፕቶፕ ተከፍቷል፣ ባለቤቱ፣ የተማሪ ቦርሳ ያነገተ ልጅ፣ አጠገቡ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ስቲም ተከፍቶ ከላይ በቀኝ በኩል የአካውንቱ ስም ይታያል። ያው ስም ነው! እኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ዜሮ የተደረደረበት ስም። ደግሜ አየሁት። የሱቁ ልጅ ደግሞ ከዚያ ተማሪ ፊት ቆሞ ለእኔ ያላትን ቃል በቃል ይደግማታል፣ «ያንተው ነው፣ ዕድሜ ልክህን…»

«ይሄ እኮ የኔ አካውንት ነው» አልኩት።

አሁን ነው ቀና ያለው። «ያንተ?» አለና ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «አካውንቴ ነው ይላል እኮ!» ብሎት ተሳሳቁ። ከዚያ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «ዋርያ፣ ዊንዶውሱን ማን ንካ አለህ? እንደገና ለማስነሳት 500 ብር ነው። ዛሬ ደግሞ አይሆንም፣ ኮታው ሞልቷል፣ ነገ ና» አለኝ። ብሬን መልስልኝ ስለው፣ ደረሰኝ አለህ ወይ አለኝ። ለተማሪው ልነግረው አፌን ስከፍት ደግሞ «ደንበኛዬን አታስበርግግብኝ፣ ውጣልኝ» ብሎ በእጁ በሩን አሳየኝ። በገንዘቤ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ለማኝ እንኳ እንዲህ አይባረርም።

«ኮታው ሞልቷል» ያለውን ልብ በሉልኝ። ይህ መቆለፊያ ጌሙ ሲነሳ ከኩባንያው ሰርቨር ለዚያች ኮምፒውተር ብቻ የሚሆን ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱ ከማሽኑ ዕቃና ከዊንዶውሱ ጋር የተሳሰረ ነው፣ አንዱ ሲቀየር ሊበላሽና እንደገና ኢንተርኔት ሊጠይቅ ይችላል። ብዙዎቹ ጌሞች ላይ አንድ አካውንት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ5 በላይ ኮምፒውተር ላይ ፈቃድ አያገኝም። ኮታው ሞላ ማለት እንግዲህ ዛሬ ብቻ ለስንት ሰው እንዳስነሳው ራሱ ነገረኝ ማለት ነው። አንድ ቤት ለመንደሩ ሁሉ እንደ መሸጥ ነው። የስቲም ውል ደግሞ አካውንት መሸጥም ሆነ ለሌላ መስጠት ይከለክላል፣ ነገ አካውንቱ ቢዘጋ የገዛነው ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ እጃችንን እንቀራለን።

ስለ መቆለፊያው ራሱ ሰው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይከራከራል። ኩባንያዎቹ ዋናው ሽያጫችን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ነው፣ ያኔ ክራክ ከወጣ እንከስራለን ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ለዓመታት የሰራ ሰው የላቡን ማግኘት አለበት። ግን መከራውን የሚያየው የከፈለው ሰው ሲሆን ያናድዳል። ዩቢሶፍት የሚባለው ጌም ሰሪ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2010 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጨዋታው አብሮ የሚቆም ዘዴ አምጥቶ ነበር፤ መብራትና ኔትወርክ እየሄደ የሚመጣበት ከተማ ያለ ሰው ይህን እንዴት ይጫወተዋል? በ2021 ሬዚደንት ኢቪል ቪሌጅ የሚባለው ጌም ሲወጣ የተሰረቀው ቅጂ ከተገዛው ይልቅ ሳይንገጫገጭ ይሰራ ነበር፣ ሰሪው ካፕኮም በኋላ ነው ያስተካከለው። ዘ ክሩ የሚባለው የመኪና ጌም ደግሞ መጋቢት 2024 መጨረሻ ላይ ሰርቨሩ ተዘግቶ፣ ብሩን ከፍሎ የገዛው ሰው ጭራሽ መጫወት አልቻለም። እኔ በዚህ ክርክር ከገዢው ጎን ነኝ። ሰው የከፈለበትን ነገር ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም መክፈት መቻል አለበት።

የእኛ ሱቆች ግን ከኩባንያዎቹም ይብሳሉ። መቆለፊያው እንዴት እንደሚሰራ ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ዊንዶውስ ሲቀየር ጌሙ እንደሚቆም ያውቃሉ፣ ተመልሰን እንደምንመጣም ያውቃሉ፤ የሁለተኛው 500 ብር የመጀመሪያው ቀን ነው የታሰበው። ስትጠይቅ ቫይረስ፣ ስትመለስ ስድብ። ይሄ ንግድ አይደለም፣ ዘረፋ ነው።

ለማንኛውም፣ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ አካውንቱ በራሳችሁ ኢሜይል ይከፈት፣ ፓስወርዱንም እናንተ አስገቡት፤ እንቢ ካሉ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ውጡ። በራሳችሁ አካውንት ከሆነ ስቲም በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወታችሁትን ጌም ብር ይመልሳል። የጌሙ የስቲም ገጽ ላይ በቀኝ በኩል ተጨማሪ መቆለፊያ ካለው ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ሳትከፍሉ እዩት። ጂኦጂ (GOG) የሚባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ ያሉት ጌሞች መቆለፊያ የላቸውም፣ ፍላሽ ላይ አስቀምጣችሁ ፎርማት ካደረጋችሁ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ትጭኗቸዋላችሁ።

ያ ባለ ቦርሳው ተማሪ ይህን ካየህ፣ ከፍለህም ቢሆን ነገ ጠዋት ሄደህ ብርህን ጠይቅ፣ ብቻዬን አልሄድም ካልክ ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።